ከታችኛው አልጋ

ደብረ ብርሃን ላይ የኅዳርና የታኅሣሥ ጠዋት ምን እንደሚመስል የኖረበት ያውቀዋል። ውርጩ ሣሩን ነጭ አድርጎት ያድራል። ሰው በጋቢ ተጠቅልሎ ዓይኑ ብቻ ነው የሚታየው። እኔ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ሱቄን እከፍታለሁ። ዩኒቨርሲቲው አካባቢ ትንሽ የፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ፤ አንድ ኮምፒውተር፣ ሁለት ማሽን፣ ደጃፏ ላይ አንድ አግዳሚ ወንበር። በቃ።

አንድ ቀን ገና ማሽኑ ሳይሞቅ አንዲት ተማሪ መጣች። ዓይኗ ቀልቷል። «እህቴ፣ በቴሌግራም ልላክልሽና ቶሎ አትሚልኝ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ሚድ አለብኝ» አለችኝ። ፋይሉን ስከፍተው 86 ገጽ ነው። «መቼ ልታነቢው ነው?» አልኳት። «ማታ ላነበው ነበር እኮ ያወረድኩት» አለችና ዝም አለች። ከዚያ ራሷ ነገረችኝ። ካወረደች በኋላ አንድ ቪዲዮ ብቻ ልይ ብላ ቲክቶክ ከፈተች፣ ቀና ስትል ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል፣ ያኔ ላንብብ ብትል ፊደሉ አልታያት አለ። ሒሳቡን ስትከፍለኝ እጇ ይንቀጠቀጣል፤ ከብርዱ ይሁን ከእንቅልፍ ማጣት እንጃ። ወረቀቱ ከማሽኑ እንደወጣ ትኩስ ነበርና ደረቷ ላይ አቅፋው ሄደች።

እሷ ከሄደች በኋላ ቁጭ ብዬ ቀረሁ። እኔም እንደሷ ነበርኩ። ስለዚህ ይሄን የምጽፈው ተማሪ ለመቆጣት ብዬ አይደለም። ግቢ በነበርኩ ጊዜ ስልኬ የሰጠኝንና የወሰደብኝን፣ አሁን ደግሞ ባንኮኒ ጀርባ ሆኜ በየቀኑ የማየውን ልንገራችሁ ብዬ ነው። ሰው ሁሉ ኢንተርኔት ጊዜ ይበላል ይላል። ይበላል፣ እውነት ነው። እኔን አብልጦ የሚያሳዝነኝ ግን ሌላ ነው፤ አጠገባችን የተኛውን ሰው ወሰደብን።

የመንዝ ልጅ ነኝ፣ መሐል ሜዳ አካባቢ። ግቢ የገባሁት በ2012 ነው። የደረሰኝ ዩኒቨርሲቲ ከሸዋ ራቅ ያለ ነው፣ ስሙ ይቅር። እናቴ በሶና ቆሎ ቋጥራ፣ የአያቴን ባና ጨምራ አሸክማ ላከችኝ። የመንዝ ባና የምታውቁ ታውቃላችሁ፣ የበግ ጠጉር ነው፣ ይከብዳል፣ ለብርድ የሚተካው የለም። ስደርስ አገሩ ሙቀት ሆነና ባናውን ወለሉ ላይ አነጠፍነው። አራት ዓመት ሙሉ እዚያው ተነጥፎ ቆየ።

ዶርማችን ውስጥ ስድስት ነበርን። ከጋሞ፣ ከወለጋ፣ ከሐዲያ፣ ከጎጃም፣ ከአዲስ አበባና እኔ። በመጀመሪያው ዓመት ደህና ስልክ የነበራቸው ሁለቱ ብቻ ናቸው። ማታ ማታ ባናው ላይ ክብ ሠርተን ቁጭ ብለን፣ የእናቴን ቆሎ እየቆረጠምን፣ የሐዲያዋ ልጅ ቆጮ እንዴት እንደሚፋቅና እንደሚቀበር ስትነግረን፣ የጋሞዋ ስለ አባቷ ሽመና ስታወራ፣ እኔ የመንዝ ጓሳ ላይ ሣር ስለሚግጡት ጭላዳ ዝንጀሮዎች ስናገር እናመሽ ነበር። የወለጋዋ ልጅ ጠዋት ጠዋት «አካም ቡልቴ» ትለኛለች፣ እኔም መመለስ ለመድኩ። ይሄን ማንም ኮርስ ብሎ አልሰጠንም። እኔ ግን ከዚያ ግቢ ያገኘሁት ትልቁ ትምህርት እሱ ይመስለኛል።

በዚያው ዓመት መጀመሪያ በተለያዩ ዩኒቨርሲቲዎች ግጭት ተነሳ። ተማሪ ሞተ፣ ብዙዎችም ትምህርታቸውን ጥለው ወደየቤታቸው ሸሹ። እኛ ግቢ በዚያ ሰሞን ሰላም ነበር። አንድ ማታ ግን እናቴ እያለቀሰች ደወለች። የጎረቤት ልጅ ፌስቡክ ላይ አይቶ ነግሯት ነው። የግቢያችን ስም ተጽፎ፣ ሴቶቹን ዶርም ውስጥ ዘግተውባቸዋል ተብሎ፣ ከእኛ ግቢ ያልሆነ ፎቶ ተለጥፎበታል። እኔ በዚያች ሰዓት ባናው ላይ ቁጭ ብዬ የወለጋዋ ልጅ ፀጉሬን እየሠራችኝ ነበር። «እማዬ እዚሁ ነኝ፣ ምንም የለም» ብላት አላመነችኝም። ይሄኔ ልጅቷ ስልኩን ተቀበለችኝና «እማማ፣ እኔ ጋ ናት፣ ሹሩባ እየሠራኋት ነው» አለቻት። እናቴ የተረጋጋችው ያኔ ነው። ስልኩን ከዘጋን በኋላ ግን ለረጅም ጊዜ ማናችንም አላወራንም። ያን ሌሊት በሩን በሻንጣ ደግፈን ነው የተኛነው። ሐሰት መሆኑን ውስጡ ሆነን እያወቅን እንኳ እንቅልፍ ነሳን።

መጋቢት ላይ ኮሮና መጣና ግቢዎች ተዘጉ። መሐል ሜዳ ተመለስኩ። ሐንድአውት በቴሌግራም ይላካል ሲባል አባዬ ሁለት በግ ሸጦ ስልክ ገዛልኝ። እንደኔ በበግ፣ በእህል፣ በእቁብ ብር ስልክ የተገዛለት ተማሪ ብዙ ነው። ወላጅ ለትምህርት ብሎ ነው የገዛው፣ ይሄ አይረሳ። ቤታችን ኔትወርክ ስለማይዝ ከበላዩ ያለው ጉብታ ላይ እወጣለሁ። ንፋሱ ጆሮ ይቆርጣል። እዚያ ቆሜ አንዲት ፒዲኤፍ እስክትወርድ ድረስ እጄን ብብቴ ውስጥ ከትቼ እጠብቃለሁ።

ስልኩ ያደረገልኝን ካልተናገርኩ ደግሞ ውሸታም እሆናለሁ። የተማርኩት ባዮሎጂ ነው። ሁለተኛ ደረጃ የተማርኩበት ትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ የሚባል ክፍል ነበረው፣ ውስጡ የሚቀመጠው ግን የተሰበረ ወንበር ነው። ሚቶሲስ ለእኔ በጠመኔ የተሳለ ክብ ነበር፤ ክቡ መሐሉ ላይ ይጠባል፣ ሁለት ይሆናል፣ ለፈተና ይሸመደዳል። ግቢ ሁለተኛ ዓመት ላይ አንድ ማታ ዩቲዩብ ላይ በማይክሮስኮፕ የተቀረጸ፣ ሕይወት ያለው ሴል ሲከፈል አየሁ። ክሮሞዞሞቹ መሐል ላይ ይሰለፋሉ። ትንሽ ይቆያሉ፣ የሚያመነቱ ይመስላሉ። ከዚያ ድንገት እኩል እኩሉ ወዲህና ወዲያ ይሳባል። ደጋግሜ አየሁት፣ አልቅሻለሁም። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ስሙን ስሸመድደው የኖርኩት ነገር በእኔም ገላ ውስጥ በዚያች ደቂቃ እየተካሄደ መሆኑ የገባኝ ያኔ ነው። ከመንዝ ለመጣች ልጅ ይሄን ያሳየ ስልክ ነው፤ ስለዚህ ስልክ ይጥፋ የሚለኝ ሰው ጋ አልስማማም።

ከኮሮና በኋላ ስንመለስ ሁሉም ስልክ ይዟል። ዲፓርትመንት ስንመደብ ከስድስታችን ሁለት ልጆች ወጡ፣ በምትካቸው ባዮሎጂ የደረሳቸው ሌሎች ሁለት ገቡ። አሁንም ስድስት ነን። ባናው እዚያው ተነጥፏል፣ የሚቀመጥበት ግን የለም። አልተጣላንም እኮ። እንዲሁ ቀስ በቀስ ነው የሆነው። መጀመሪያ አንዷ ኢርፎን ገዛች፣ ከዚያ ሁላችንም ገዛን። ከዚያ የሌሊት ፓኬጅ ለመድን። ቀን ዳታ ውድ ነው፣ ሌሊት ይረክሳል፣ የተማሪ ኪስ ደግሞ የታወቀ ነው፤ ስለዚህ ሌሊቱን ቀን አደረግነው። መብራቱ ጠፍቶ ስድስት ስክሪን ስድስት ፊት ላይ ይበራል። አንድ ዲቫይደር ላይ ስድስት ቻርጀር። ከሁለቱ አዲስ ልጆች የአንዷን አባት ሥራ ያወቅኩት ከአንድ ዓመት በኋላ ነው። ይታያችሁ፣ አንድ ክፍል ውስጥ፣ ዓመት ሙሉ።

ሰው «ለምን አትተኙም ነበር?» ይላል። ቀላል ይመስላል። እኔ ወረቀት የማትም ሰው ነኝ፣ ወረቀት መጨረሻ አለው። 86 ገጽ ከሆነ 86ኛው ላይ ያልቃል፣ ሰውየው ቀና ይላል። ኢንተርኔትም ድሮ እንደዚያ ነበር፣ ታች ስትደርሱ «ቀጣይ ገጽ» የሚለውን መጫን ነበረባችሁ፣ እዚያች ጋ ሰው ትንሽ ያስባል። በ2006 እ.ኤ.አ. አዛ ራስኪን የተባለ አሜሪካዊ ባለሙያ ገጹ ራሱን እየጨመረ እንዲሄድ የሚያደርግ አሠራር ፈጠረ። ሰውየው ኋላ በፈጠረው ነገር መጸጸቱን በአደባባይ ተናግሯል። ዛሬ ቲክቶክም ፌስቡክም በዚሁ አሠራር ነው የሚሄዱት። በዚያ ላይ ሲስተሙ የቱ ቪዲዮ ላይ እንደቆያችሁ፣ የቱን ቶሎ እንዳለፋችሁ ይመዘግብና ቀጥሎ የሚያመጣውን በዚያ ይመርጣል። የቁርስ በሶ በጥብጦ ጠጥቶ የተኛ የ20 ዓመት ልጅ ከዚህ ጋር ነው የሚታገለው። ራሱን ሰነፍ እያለ ሲሰድብ ስሰማ አንጀቴ ይበላኛል።

አሁን ልናገር የፈለግኩት ላይ ደረስኩ።

ሦስተኛ ዓመት ነን። የሐዲያዋ ልጅ ከእኔ በታች ነው የምትተኛው። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት አልፏል። ተደራራቢ አልጋ ላይ የተኛ ያውቃል፣ የታችኛው ሲገላበጥ የላይኛው ይወዛወዛል። ያን ሌሊት አልጋው ነቅነቅ አለ። ወደ ታች አየሁ። ቁጭ ብላ፣ ስልኳን በሁለት እጇ ይዛ፣ አፏ ተከፍቶ ታያለች። «ምነው?» አላልኳትም። ቻርጅ ያለቀባት መሰለኝ። ጆሮዬ ላይ ኢርፎን ነበር፣ የጀመርኩት የሚያስቅ ቪዲዮ ነበር፣ ወደሱ ተመለስኩ። አልጋው ትንሽ ተንቀጠቀጠ። ደግሞ ቆመ። እኔም ትንሽ ቆይቼ ተኛሁ።

ጠዋት አልጋዋ ባዶ ነው። ልብስ ማጠቢያው ጋ ሲሚንቶው ላይ ተቀምጣ አገኘናት፣ ነጠላ እንኳ አልደረበችም። ወንድሟ ሞቶ ነው። የሰፈር ልጅ ፎቶውን ለጥፎ፣ ጎኑ ላይ የሻማ ምስል አድርጎ፣ «ነፍስህ ትማር ወንድሜ» ብሎ ጽፏል። ሻማውን ስታይ መጀመሪያ ልደቱ መስሏት ነበር። ኮሜንቱን ስታነብ ነው የገባት። 140 ምናምን ሰው «ነፍስ ይማር» ብሏል። ከቤተሰቡ አንድም ሰው ገና አልደወለላትም።

መርዶ እንዴት እንደሚነገር ሁላችንም እናውቃለን። ሰው በስልክ አይረዳም። ሌሊት ለብቻው አይረዳም። ሽማግሌ ይመረጣል፣ ጎረቤት በዝምታ ይሰበሰባል፣ ጎህ ሲቀድ በር ይንኳኳል፣ የሚይዝ የሚደግፍ ሰው አጠገቡ ይቆማል። መንገድ ላይ ላለ ሰው መጀመሪያ «ትንሽ አሞታል» ነው የሚባለው፤ አገሩ እስኪገባ፣ የወገኑ እጅ ላይ እስኪደርስ። አጎቷ ለዚሁ ብሎ ሌሊቱን መንገድ ጀምሮ ነበር። ግቢ መጥቶ፣ እናትሽ ትፈልግሻለች ብሎ፣ ይዟት ሊሄድ። አራት ሰዓት ላይ ሲደርስ የሚደብቀው ነገር አልቀረም። ዓይኗን አይቶ እሱም መሬት ላይ ቁጭ አለ።

ለጣፊው ልጅ ክፉ አስቦ አይመስለኝም። አዝኖ ነው የለጠፈው። ነገር ግን ስንት ዘመን ሲያስብበት የኖረ ሕዝብ የሠራው ሥርዓት ነው በአንድ ጣት የፈረሰው። እኔ ደግሞ ከእሷ በላይ አንድ ሜትር እንኳ በማይሞላ ርቀት ላይ ነበርኩ። የሚይዝ የሚደግፍ ሰው የተባለው እኮ እኔ ነበርኩ፣ ሌላ ሰው በዚያ ሰዓት አልነበራትም። ከሐዘኗ ስትመለስ ይቅርታ ጠየቅኳት። «አንቺ ምን ታውቂያለሽ» አለችኝ። አልጋው ሲንቀጠቀጥ ተሰምቶኝ ነበር። እሱን አልነገርኳትም ነበር፤ ይሄን ካነበበች ዛሬ ታውቃለች።

አራተኛ ዓመት ላይ ያልጠበቅኩት ነገር ሆነ። ከየካቲት 2015 ጀምሮ ፌስቡክ፣ ዩቲዩብ፣ ቲክቶክና ቴሌግራም ለአምስት ወር ያህል ተገድበው ያለ ቪፒኤን፣ ያለ እገዳ ማለፊያው መተግበሪያ፣ አይከፈቱም ነበር። እኛ ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሰጠው የመውጫ ፈተና እየተዘጋጀን ነው። ሞዴል ፈተናው፣ ማጠቃለያው፣ ምኑም ምናምኑም ያለው ቴሌግራም ላይ ነው። ቪፒኤን ዳታ ይጨርሳል፣ ይቆራረጣል። ሁላችንም እናውርድ ካልን ብር አይበቃም። ስለዚህ አንዷ ታወርዳለች፣ ሌሎቻችን እንሰማለን። የት? ባናው ላይ። የታችኛው አልጋ ልጅ ድምፅዋ ጥርት ያለ ነበርና ጥያቄውን እሷ ታነባለች፣ እኛ እንመልሳለን፣ የተሳሳተች ቡና ታፈላለች። ከሁለት ዓመት በላይ ባዶውን የተነጠፈው ባና ላይ ስድስታችንም ተጨናንቀን ተቀመጥን። ሐምሌ ላይ ተፈተንን። ማለፊያው 50 ከመቶ ነበር። በአገር ደረጃ ከተፈተነው ከግማሽ በታች ነው ያለፈው፣ እኛ ስድስታችንም አለፍን። የሆነው ይሄው ነው።

ከዚያ ደብረ ብርሃን ገባሁ፣ አክስቴ ዘንድ። ሐምሌ 28 ቀን 2015 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፣ በአማራ ክልልም የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ። ለወራት እንደዚያው ቆየ። ሥራ ማመልከት የሚባል ነገር ቀረና ከአክስቴ ጋር ሆነን ኮፒ ቤቷን ከፈትን። ተማሪ ሲገባ ፋይል የሚዞረው በፍላሽ ነው። አንድ ሰው መስመር ያለው ዋይፋይ አግኝቶ ካወረደ ሃምሳ ሰው ከእሱ ይገለብጣል። ቫይረሱ አይጣል ነው፣ ኮምፒውተሬን ሦስት ጊዜ ፎርማት አስደርጌያለሁ። ደጃፉ ላይ ያለው አግዳሚ ግን ባዶ ሆኖ አያውቅም። ወረፋ የሚጠብቁ ልጆች ያወራሉ፣ አንዱ ለአንዱ ጥያቄ ያስረዳል፣ ይከራከራሉ፣ ብርድ ሲሆን ተጠጋግተው ይቀመጣሉ። የተዋወቁት እዚያ አግዳሚ ላይ ሆኖ አሁን ተጋብተው ልጅ የወለዱ አሉ።

ግን ልጠንቀቅ። ያ ጊዜ ጥሩ ነበር እያልኩ አይደለም፣ ማንም እንደዚያ እንዳይረዳኝ። ቤተሰቡ የት እንደደረሰ ሳያውቅ ወር የከረመ ተማሪ አውቃለሁ። አንድ ልጅ የውጭ አገር የትምህርት ዕድል ማመልከቻ ለመላክ ብሎ ብቻ 130 ኪሎ ሜትር ተጉዞ አዲስ አበባ አንድ ሌሊት አድሮ ተመለሰ። መንገዱ በዚያን ጊዜ እንዴት እንደነበር የሸዋ ሰው ያውቃል። ሲመለስ ማመልከቻውን ኮፒ ሊያደርግ መጥቶ «ተልኳል» ሲለኝ አንገቱ ላይ ተጠመጠምኩ፣ ወንድሜ እንኳ አይደለም። የሰው ተስፋ በኔትወርክ ላይ እንዲንጠለጠል ከተደረገ በኋላ ኔትወርኩን መዝጋት ከባድ በደል ነው። እኔ የምለው ሌላ ነው፤ እዚያ አግዳሚ ላይ የነበረው ወሬ መስመሩ ሳይዘጋ ለምን አይኖርም?

መስመሩ ተመለሰ። እልል አልን። አግዳሚው ላይ አሁንም ሰው ይቀመጣል፣ አንገቱን ደፍቶ። ስንት ኮፒ እንደሚፈልግ ሁለት ሦስት ጊዜ ነው የምጠይቀው።

አሁን የማያቸው ነገሮች ብዙ ናቸው። ሁሉን አልዘረዝርም። አንዱ አሳይመንት ነው። አምስት ልጆች አምስት ፋይል ይልኩልኛል፣ መግቢያው ቃል በቃል አንድ ነው፤ ቻትጂፒቲ የጻፈው። አንዱ ልጅ የላከው ፋይል መጨረሻ ላይ «ይህን ክፍል በበለጠ እንዳብራራልዎ ይፈልጋሉ?» የሚል በእንግሊዝኛ ቀርቷል። ጠራሁትና በጣቴ አሳየሁት። ፊቱ ሲቀላ አሳዘነኝ። «አንብበኸዋል?» አልኩት። አላነበበውም። ቁጭ በልና አንብበው፣ ወረፋህን እይዝልሃለሁ አልኩት። ግማሽ ሰዓት ያህል ቁጭ ብሎ ስክሪኔ ላይ አነበበ፣ ከዚያ ሦስት ቦታ በራሱ ቃል አስተካከለ፣ አንዱ ጋ እንዲያውም «ይሄ እኮ ልክ አይደለም» ብሎ ሰረዘ። ልጁ እኮ ያውቃል። የጠየቀው ሰው ስለሌለ ነው።

ሌላው ቤቲንግ ነው፣ የስፖርት ውርርዱ። ይሄን ሳስብ ልቤ ይደማል። ድሮ ተማሪው ቤቲንግ ቤቱ ድረስ ሄዶ ነበር ትኬት የሚቆርጠው፣ ሰው ያየዋል፣ ያፍራል። አሁን ብርድ ልብሱ ውስጥ ሆኖ ነው። ከገጠር የተላከለትን ብር አንድ ማታ ይበላል፣ ነገ አስመልሳለሁ ብሎ ከጓደኛው ይበደራል። ባለፈው ዓመት ጎበዝ የሚባል የኢንጂነሪንግ ልጅ ላፕቶፑን ሸጦ፣ በመጨረሻ የዊዝድሮው፣ ትምህርት የማቋረጫውን፣ ፎርም ኮፒ ሊያደርግ እኔ ጋ መጣ። ኮፒውን ሰጥቼው ብሩን አልቀበልም አልኩት። «ዶርም ያሉት ልጆች ያውቃሉ?» ብዬ ጠየቅኩት። አያውቁም። አራቱም አብረውት ነው የሚተኙት።

ዘንድሮ ታናሽ ወንድሜ ግቢ ገባ። ምደባው የወጣ ቀን ቤታችን ውስጥ የነበረውን ደስታ አልነግራችሁም። እማዬ እንደልማዷ በሶና ቆሎ ቋጠረች። ባናውን ይዞ ይሂድ ስትል እሱ ይከብዳል ብሎ አልወሰደም። ስልክ እኔ ነኝ የገዛሁለት። ስሰጠው ብዙ ምክር ልመክረው አስቤ ነበር፣ ኋላ ሁሉን ተውኩት፤ እኔም ብዙ ምክር ተሰጥቶኝ ነበር። የታችኛው አልጋ ልጅን ነገር ብቻ ነገርኩት። አውቶቡሱ ውስጥ ነን፣ ሳይንቀሳቀስ። ዝም ብሎ ሰማኝ።

በገባ በሦስተኛው ማታ ደወለ። ምግቡ እንዴት ነው፣ ደህና ነው፣ አልጋ የቱን ያዝክ፣ የላይኛውን። «ዶርም ስንት ናችሁ?» አልኩት። «ስድስት»። «ስማቸው ማን ማን ነው?» ዝም አለ። «ሁለቱን አውቃለሁ፣ ሌሎቹ...» አለና አቆመ።

«ሂድና ጠይቃቸውና መልሰህ ደውልልኝ» አልኩት።

«አሁን? እታለም፣ ሁሉም ስልክ ላይ ነው እኮ።»

«አሁን።»

ዘጋ። ማሽኖቹን አጠፋሁ፣ የሱቁን በር ዘጋሁ፣ ቤቴ ገብቼ እራት በላሁ። አልደወለም። ሦስት ሰዓት አለፈ፣ አራት ሰዓት ሆነ። ተቆጣ እንዴ ብዬ ሰጋሁ። አራት ሰዓት ተኩል ላይ ስልኬ ጠራ። ከኋላው ሳቅ ይሰማል፣ አንድ ሰው ጮክ ብሎ የሆነ ነገር ያስረዳል።

«እታለም» አለኝ፣ «አንዱ የአፋር ልጅ ነው፣ ብርድ ሊገድለው ነው። ባናውን በሰው ላኩልኝ።»